የአስተዳደር ወሰን ሲቀየር የእርሻ ሥራ እንዳይስተጓጎል

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም ሥራ ላይ ሲውል በአንቀጽ 47 የተዘረዘሩት ክልሎች 9 ነበሩ። ዛሬ አገራችን 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች አሏት። ለውጡ የመጣው ከቀድሞው ደቡብ ክልል ነው። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በመስከረም 2014 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው ክልል ሆኑ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ።

ይህ የፖለቲካ ውሳኔ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ስለ መሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ በዚያ ሕግ መሬትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። በመሆኑም ወሰን ሲቀየር ማሳው ባለበት ቢቆይም የይዞታ መዝገቡ፣ በጀቱና ባለሙያው ከአንድ መዋቅር ወደ ሌላ ይሸጋገራሉ።

አዲስ አደረጃጀት ጥቅም አለው። ቀደም ሲል የካፋና የቤንች አካባቢ ወረዳዎች የክልል ጉዳያቸውን ለማስፈጸም እስከ ሐዋሳ ይጓዙ ነበር። ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ክልል መሥሪያ ቤቶች በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ይገኛሉ። አገልግሎቱ ለሕዝቡ ቀርቧል፤ ሆኖም ቢሮዎቹ በየከተማው ስለተከፋፈሉ በመካከላቸው ጠንካራ ቅንጅት ይጠይቃል።

የወረዳ ጥያቄም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈለው ለክልሎች በመሆኑ አንድ ወረዳ ለሁለት ስለተከፈለ ብቻ የክልሉ ድርሻ አያድግም። ለአዲስ ጽሕፈት ቤት፣ ለተሽከርካሪና ለደመወዝ የሚወጣው ወጪ ግን ያድጋል። ያ ገንዘብ ከዘር ብዜት፣ ከእንስሳት ክትባት ወይም ከአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት እንዳይቀነስ አስቀድሞ መሰላት ይኖርበታል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ነሐሴ አረም የሚታረምበት፣ የስንዴ ዋግ አሰሳ የሚደረግበት ወር ነው። በዚህ ወቅት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ምደባ ቢጓተት ጉዳቱ የሚታየው በጎተራ ነው።

በሁለት ክልሎች መካከል የወሰን ጥያቄ ሲነሳ አንቀጽ 48 በስምምነት እንዲፈታ ያዛል። ስምምነት ካልተደረሰ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል። የመስኖ ቦይ ግን ሁለት ዓመት ሳይጠረግ አይቆይም፤ የጋራ ግጦሽም እንዲሁ ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ አጎራባች ቀበሌዎች ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ በአገር ሽማግሌዎችና በውኃ አባቶች አማካይነት የአጠቃቀም ተራቸውን ማስቀጠል ይኖርባቸዋል።

ከዚህ በመነሳት የወረዳ አመራሩ ሦስት ነገሮችን ቢያስቀድም ይበጃል። አንደኛ፣ የይዞታ ደብተር መዝገቦች ተቆጥረውና በሁለቱም ወገን ተፈርሞባቸው ይረከቡ። ሁለተኛ፣ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባላት ዝርዝር፣ ዕዳና የማዳበሪያ ፍላጎት ከዘር ወቅት በፊት ይጣራ። ሦስተኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሰብል ሳይሰበሰብ ከቀበሌያቸው አይነሡ።

አርሶ አደሩም የይዞታ ደብተሩን፣ የግብር ደረሰኙንና የማዳበሪያ ክፍያ ሰነዱን በጥንቃቄ ይያዝ። መዋቅር ሲለወጥ መብቱን በቀላሉ የሚያስረዳለት በእጁ ያለው ሰነድ ነው።