«ተፈቷል» የተባለው ጥያቄ

በጥር 1930 የሶቪየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ የራሱን የሴቶች ክፍል ዘጋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውሳኔው የመዋቅር ማሻሻያ የሚል ስም ተሰጠው። የቀረበው ምክንያት አጭርና ለጆሮ የሚጥም ነበር፤ የሴቶች ጥያቄ በሶቪየት ምድር በመሠረቱ ተፈቷል፣ የቀረው ሥራ የመላው ፓርቲ ሥራ ነው፣ ስለዚህ የተለየ ክፍል አያስፈልግም ተባለ። በሩሲያኛ አጠራሩ «ዤኖትዴል» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ክፍል ከተቋቋመ ገና አሥር ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር።

ይህን ውሳኔ ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የሚያጸድቁ ዛሬም አይጠፉም። አንደኛው ወገን ጭቁን ሴት የምትታገለው ከወንድ ወዛደር ጎን ስለሆነ የተለየ የሴቶች ድርጅት የመደቡን አንድነት ይከፍላል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዤኖትዴል የፓርቲው አፍ እንጂ የሴቶች ድርጅት ስላልነበረ በመዘጋቱ የጎደለ ነገር የለም ባይ ነው። የመጀመሪያው ድርጅቱን ከመጠን በላይ ፈራው፤ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ናቀው። ሁለቱም የዘነጉት ግን ሥራውን ነው።

በየካቲት 1917 በፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ሥራ አቁመው «ዳቦ!» እያሉ ጎዳና ሲወጡ፣ የአካባቢው የቦልሼቪክ መሪዎች ጊዜው ገና ነው፣ ታገሡ ብለዋቸው ነበር። ሴቶቹ አልታገሡም። ከሳምንት በኋላ ዛር አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ በኅዳር 1918 የመላው ሩሲያ ወዛደርና አርሶ አደር ሴቶች ጉባኤ በሞስኮ ሲጠራ የሚመጡት ሦስት መቶ ያህል እንደሚሆኑ ነበር የተገመተው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በሚነድበት፣ ባቡሩ በማይሄድበት፣ እህል በጠፋበት በዚያ ወቅት የተገኙት ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። ለዚህ ጉባኤ የደከሙት ኢኔሳ አርማንድ፣ አሌክሳንድራ ኮሎንታይ፣ ኮንኮርዲያ ሳሞይሎቫና ክላውዲያ ኒኮላየቫ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በመስከረም ዤኖትዴል በማዕከላዊ ኮሚቴው ሥር ተቋቋመ፤ አርማንድም የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆነች። ከአንድ ዓመት በኋላ በኮሌራ ሞተች። ሳሞይሎቫም በ1921 በቮልጋ ወንዝ ላይ በቅስቀሳ መርከብ ስትሠራ ያው በሽታ ገደላት። የክፍሉ ታሪክ ሲነሣ እነዚህ ሁለት ሞቶች መጠቀስ ይገባቸዋል፤ «የጽሕፈት ቤት ሴቶች» እየተባሉ ሲታሙ የኖሩት እነዚህ ናቸውና።

የሥራው እምብርት «የተወካዮች ስብሰባ» የተባለው ዘዴ ነበር። በየፋብሪካውና በየመንደሩ ያሉ ሴቶች፣ አብዛኞቹም የፓርቲ አባል ያልሆኑት፣ ከመካከላቸው ተወካይ ይመርጣሉ። ተወካይዋ ለተወሰኑ ወራት ትምህርት ትከታተላለች፤ ከዚያም ወደ አንድ የሶቪየት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሕፃናት ማቆያ ወይም ወደ ሕዝብ መመገቢያ ተመድባ ሥራ ትለምዳለች። ወጥ ቤቱ ሥጋውን ማን እንደሚሰርቀው፣ ማቆያው ለምን እንደማይሞቅ፣ ዳኛው የተደበደበችዋን ሴት ለምን እንደሚመልሳት በዓይኗ ታያለች። በመጨረሻ ወደ መረጧት ሴቶች ተመልሳ ያየችውን ትናገራለች። ጊዜዋን ስትጨርስ ሌላ ትተካለች። በ1920ዎቹ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በዚህ መንገድ አለፉ። ፊደል ያልቆጠረች፣ በስብሰባ ላይ ድምፅዋን አሰምታ የማታውቅ ሴት የመንግሥትን ሥራ ከውስጥ አይታ ለባልንጀሮቿ የምትመሰክርበት ይህ ዘዴ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስተማረ ነው። አስተማሪ ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ይህች ተወካይ ቤቷ ስትመለስ ምን ጠበቃት? ብዙ ጊዜ ዱላ። ባሏ የፓርቲ አባል ቢሆንም ዱላው አልቀረላትም። በየቀበሌው ክፍሉን «ማዕከላዊ ባባ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ «ባባ» ማለት በሩሲያ ገጠር አነጋገር ባለጌዋ፣ አላዋቂዋ ሴት ማለት ነው። ሩሲያ «ዶሮ ወፍ አይደለችም፣ ባባም ሰው አይደለችም» የሚል ተረት አላት። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት ባለበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ቀልዱ ብቻውን ድርጅት አይዘጋም። ገንዘብ ግን ይዘጋል። በ1921 አዲሱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ፋብሪካዎች በትርፍና ኪሣራ መመዘን ጀመሩ፤ ከሥራ በመጀመሪያ የተቀነሱት ሴቶች ነበሩ፤ በመጀመሪያ የተዘጉትም የሕፃናት ማቆያዎችና የሕዝብ መመገቢያዎች ነበሩ። የዤኖትዴል የአካባቢ ቅርንጫፎችም በጀት አጥተው ተዳከሙ፤ አንዳንዶቹም ፈረሱ። ኮሎንታይ በዚያው ዓመት በአሥረኛው የፓርቲ ጉባኤ ከ«ወዛደር ተቃዋሚዎች» ጋር ቆማ ስለ ቢሮክራሲ በግልጽ ተናገረች፤ በቀጣዩ ዓመት ከኃላፊነቷ ተነሥታ በዲፕሎማትነት ወደ ኖርዌይ ተላከች። ከእርሷ በኋላ ሶፊያ ስሚዶቪች፣ ኒኮላየቫ፣ በመጨረሻም ከጨርቃ ጨርቅ ሠራተኝነት የተነሣችው አሌክሳንድራ አርትዩኺና ክፍሉን መሩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ስድብ መናገር ግድ ነው። የክፍሉ ሴቶች ጠበቅ ያለ ጥያቄ ባነሡ ቁጥር «ይህ ፌሚኒዝም ነው» ይባሉ ነበር። ይህ የተወረወረባት ኮሎንታይ በ1908 በሴንት ፒተርስበርግ በተደረገው የመላው ሩሲያ የሴቶች ጉባኤ የወዛደር ሴቶችን ቡድን አደራጅታ ከባለጸጋዎቹ ፌሚኒስቶች ጋር የተሟገተች ናት። የሴቶች ጉዳይ ከመደብ ትግል አይለይም ብላ ዕድሜዋን የፈጀችን ሰው በመደብ ከፋፋይነት መክሰስ ክርክር ሳይሆን አፍ ማስያዣ ነው። ዤኖትዴል ያን ስም ለራሱ አልተቀበለም፤ ሥራው ግን ሶሻሊስትም ፌሚኒስትም ነበር። ደመወዝን ብቻ ሳይሆን ምጣዱን፣ የልጁን አልጋና የባልን ዱላ የአብዮት አጀንዳ አደረገ።

ከሁሉ የከበደው፣ ለኪነ ጥበብ ሰውም ከሁሉ የሚቀርበው ምዕራፍ ከሞስኮ ርቆ በመካከለኛው እስያ የተጻፈው ነው። በኡዝቤኪስታን የዤኖትዴል ሠራተኞች መጀመሪያ የያዙት መንገድ ዝግ ያለ ነበር። ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ክበብ ይከፈታል፤ የሴቶች ሱቅ፣ የሕግ ምክር፣ ሐኪም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይከተላል። ፊትዋን በፈረስ ጭራ መሸፈኛ የምትጋርደው ሴት ማንም ግለጪ ሳይላት ገብታ ሻይ ትጠጣለች፣ ፊደል ትቆጥራለች፣ ስለ ፍቺ ትጠይቃለች። ይህ ሥራ ለሪፖርት የሚሆን ትልቅ ቁጥር አይሰጥም ነበር። ፓርቲው ግን ችኩል ነበር። በክልሉ ወዛደር የሚባል ጥቂት በመሆኑ አሮጌውን ኅብረተሰብ ከውስጥ የሚሰብር ሌላ ኃይል ፈለገ። ተመራማሪው ግሪጎሪ ማሴል በ1974 ባሳተመው ጥናት ሴቶቹን «ምትክ ወዛደር» ያላቸው ለዚህ ነው።

መጋቢት 8 ቀን 1927 «ሁጁም» ተጀመረ። ቃሉ ማጥቃት ማለት ነው። በየከተማው አደባባይ ሙዚቃና ንግግር ተዘጋጀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች መሸፈኛቸውን አውልቀው በእሳት ላይ ጣሉ። ለዓይን ታላቅ ትርኢት ነበር። ጭሱ ከበረደ በኋላ ግን ሴቶቹ ወደየቤታቸው፣ ወደ አባት፣ ወደ ባልና ወደ ወንድም መመለስ ነበረባቸው። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ተመልሰው ተሸፈኑ። ያልተሸፈኑት ተሰደቡ፣ ተደበደቡ፣ ተደፈሩ፣ ታረዱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተገደሉት ወደ 2,000 እንደሚጠጉ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ድምፃዊቷ ቱርሱኖይ ሳይዳዚሞቫ በ1928 በባሏ እጅ ሞተች። የማርጊላኗ ተወዛዋዥ ኑርኾን ዩልዳሼቫ ፊቷን ገልጣ በመድረክ ከታየች በኋላ በ1929 ወንድሟ ገደላት፤ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ነበረች።

ቆየት ብሎ ኡዝቤካዊው ጸሐፌ ተውኔት ኮሚል ያሺን «ኑርኾን» የተባለ ሙዚቃዊ ድራማ ደረሰላት። ስለ እርሷ መጻፉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሶቪየት ዘመን ስለነዚህ ሴቶች የተነገረውን ሁሉ በጥቅሉ ያየ ሰው አንድ የተለመደ አሰላለፍ ያገኛል፤ ንጹሕ ልጃገረድ፣ አረመኔ ዘመድ፣ ከኋላ ሆኖ የሚያሤር የሃይማኖት መሪ። አራተኛ ሰው ግን ነበር። የዘመቻውን ዕቅድ የፈረመ፣ ስንት ሴት እንደገለጠች ቆጥሮ ሪፖርት የላከ፣ የገዛ ሚስቱን ግን በቤት ሸፍኖ ያስቀመጠ የፓርቲ ሰው ነበር። እንዲህ ያሉት ብዙ ስለነበሩ ፓርቲው ራሱ ይነቅፋቸው ነበር። ይህ ሰው መድረክ ላይ አይወጣም። ገዳዩ ወንድም ከነቢላው ይታያል፤ ልጅቱን ያለ ጠባቂ ወደ አደባባይ የጠራት ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል። እንዲህ ያለ ተውኔት ተመልካችን ያስለቅሳል፤ ከኃላፊነት ግን ነጻ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

የክፍሉ ሠራተኞችስ? እነርሱም የዘመቻው ቀስቃሾች ስለነበሩ ከደሙ ፈጽሞ ነጻ ናቸው ማለት አይቻልም። ሆኖም ጥበቃ እንዲደረግ፣ መሸፈኛም በሕግ እንዲከለከል ከመካከላቸው የጮኹ ነበሩ። የእገዳው ሕግ አልወጣም። እገዳው ራሱ ይበጅ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ያለ ሥራ፣ ያለ መኖሪያና ያለ ዳኛ ግለጪ ማለትም ተሸፈኚ ማለትም ያው ትእዛዝ ነውና። የገለጡትን መግደል እንደ ፀረ አብዮት ወንጀል መቆጠር የጀመረው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ሴቶቹ በሚታረዱበት በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ጥያቄው ተፈቷል የተባለው።

በ1930 የክፍሉ መጽሔት «ኮሙኒስትካ» ተዘጋ። በፓርቲው የቅስቀሳ ክፍል ሥር የተተኩት ትንንሽ የሴቶች ዘርፎችም በ1934 ቀሩ። የመላው ፓርቲ ሥራ የተባለው የማንም ሥራ አልሆነም። በሰኔ 1936፣ በ1920 ተፈቅዶ የነበረው ጽንስ ማስወረድ ታገደ፤ ለፍቺ ክፍያው በየጊዜው የሚያድግ ሆነ፤ ለብዙ ልጆች እናት የገንዘብ ድጎማ ታወጀ። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ቀርቦ ስለነበር ብዙ ሴቶች ጠባቧን ክፍል፣ ማቆያ ማጣትን፣ ድርብ ድካምን እያነሡ ተቃውሞአቸውን ጻፉ። ደብዳቤያቸውን ተሰብስበው የሚወያዩበት፣ ከጥያቄ ወደ ውሳኔ የሚያደርሱበት ድርጅት ግን አልነበራቸውም። የክፍሉ መዘጋት ትርጉም ያን ጊዜ ተገለጠ።

ዤኖትዴል የፓርቲው መሣሪያ ነበር የሚሉት በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ቤቱ የራሱ አልነበረም፤ በጀቱንና ኃላፊዎቹን ይሰጥ የነበረው ፓርቲው ስለሆነ በአንድ ወረቀት ሊዘጋው ችሏል። የተሳሳቱት ከዚህ ተነሥተው ሥራው ከንቱ ነበር ሲሉ ነው። አንድ መቶ ሰው የሚያርስበት መሬት በባለርስት ስም ስለተመዘገበ አልታረሰም አይባልም።

ከመዘጋቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ በሌኒንግራድ ጥቂት ሴቶች «ሴትና ሩሲያ» የተባለ መድበል በታይፕ አባዝተው በድብቅ አሠራጩ። ታትያና ማሞኖቫ፣ ታትያና ጎሪቼቫ፣ ናታልያ ማላኾቭስካያና ባለቅኔዋ ዩልያ ቮዝኔሴንስካያ ነበሩ። የጻፉት ስለ ማዋለጃ ክፍል፣ ስለ ሕፃናት ማቆያ፣ ስለ ሰካራም ባልና ስለ ድርብ ሸክም ነው፤ የ1920ዎቹ ተወካዮች ለባልንጀሮቻቸው ይነግሩት የነበረውን ያህል። ጥያቄው ከተፈታ እነዚህ ሴቶች ምን ይጠይቁ ነበር? መልስ አልተሰጣቸውም፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ የሞስኮ ኦሊምፒክ በተደረገበት በ1980፣ ከአገር ተባረሩ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ በአዲስ አበባ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በአዋጅ ተቋቋመ። እርሱም ቤቱ የራሱ አልነበረም፤ በ1991 ከመሠረተው መንግሥት ጋር አብሮ ፈረሰ። በማኅበሩ ውስጥ የሠሩ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማሩና የተማሩ፣ በየቀበሌው ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመው የተናገሩ ሴቶች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ ማኅበሩን ያመሰግናሉ፤ ሌሎቹ ለመዋጮና ለሰልፍ ብቻ እንደጠራቸው ይናገራሉ። ስለዚያ ዘመን ተውኔት የሚጽፍ ሰው ከመፈክሩ በፊት ሁለቱንም ወገን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይችላል፤ አራተኛውን ሰው በስም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።