ቀላል ብሎኬትና የእንጅባራ ዝናብ

ለአብዛኞቻችን ቤት በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚሠራ ነውና ለዛሬ ስለ ግድግዳ እንጨዋወት። ከጭቃ ቤት ወጥተን በብሎኬት እንሥራ ስንል «ቀላል ብሎኬት ይሻላችኋል» የሚለን አይጠፋም።

በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የለመድነው ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ሆኖ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ቀላል ጠጠር የሚመረተው ነው። ሁለተኛው ሲሚንቶ ከአረፋ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ የሚፈሰው ነው። ሦስተኛው በፋብሪካ በአሉሚኒየም ዱቄት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ በእንፋሎት የሚበስለው ነው። ይህን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ስዊድናዊው አርክቴክት ዮሐን አክሰል ኤሪክሰን የእንጨትን ጥሩ ጎን ያለ መበስበሱና ያለ መቃጠሉ ለማግኘት ፈልጎ ነበር። ማገሩ የበሰበሰበት ሰው ሐሳቡ ይገባዋል።

ክብደቱን እናስላ። 60 በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ኮንክሪት 58 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በሜትር ኩብ 600 ኪሎ የሆነው በእንፋሎት የበሰለ ብሎኬት በዚያው መጠን 14 ተኩል ኪሎ አይሞላም። ይህ ፎቅ ለሚሠራ ትልቅ ነገር ነው። ቆርቆሮ ለለበሰ ባለ አንድ ወለል ቤት ግን ከመሠረቱ ብዙ ብር አይተርፍም። ልዩነቱን ለመሙላት ወለድ ውስጥ ከመግባት በተራው ብሎኬት ሁለት ክፍል ሠርቶ መግባት ይሻላል።

እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። በብሎኬቱ ውስጥ የታሰረው አየር ሙቀት ያቆያል። ሆኖም ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ በኩል ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣልና ገንዘቡ ለሁለቱ ያልበቃው ቤተሰብ ኮርኒሱን ያስቀድም እንላለን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ውሃው ነው። የኛ ክረምት ረጅም ነው። ቀዳዳ የበዛበት ነገር ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ብሎኬት ሲረጥብ ሙቀት መያዙ ይቀራል፣ ግድግዳው ይሻግታል፣ ልጆች ያስላሉ። ስለዚህ መሠረቱ በአገራችን በሞላው ጥቁር ድንጋይ ከመሬት ከፍ ይበል። በድንጋዩና በብሎኬቱ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ነገር ይነጠፍ። የቆርቆሮው ጫፍ ከግድግዳው በደንብ ወጣ ይበል። ልስኑን «ለከርሞ» ማለት የተለመደ ነው፤ በዚህ ብሎኬት ግን ውጪው ሳይለሰን ክረምት ሊገባበት አይገባም።

ግንበኛውንም ጠይቁት። በእንፋሎት የበሰለው በስስ ማጣበቂያ ነው የሚደረደረው፤ በወፍራም የሲሚንቶ ቡኬት ከተገነባ ጥቅሙ ይቀንሳል። ተራ ምስማርም አይዝም፤ የዕቃ መደርደሪያ ለመስቀል ለእሱ የተሠራ ፊሸር ያስፈልጋል። ጠርዙም በመኪና ላይ ይሸራረፋልና የተሰበረው በማን ሒሳብ እንደሆነ በውል ይስፈር። በዱቤ ከሆነ መጻፉ በቁርኣን የታዘዘ ነው።

በአረፋ የተሠራውን የሚገዛ ከተመረተ ስንት ቀኑ እንደሆነ ይጠይቅ። 28 ቀን ሳይሞላው የተገነባ በኋላ እየተኮማተረ ልስኑን ይሰነጥቃል። ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ደረቅ ብሎኬት መዝኑት፤ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩና ደግማችሁ መዝኑት። ከተራው ብሎኬትም አንዱን ጎን ለጎን እንዲሁ አድርጉ። ሚዛኑን ባለ ሱቅ ጎረቤት ያውሳችኋል።