ከፓምፑ ሥር የምትንጠባጠበው ውሃ

በየማለዳው የአሮጌ ላዳውን ኮፈን ከፍቶ፣ ራዲያተሩ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጨምሮ ሥራ የሚወጣ ባለታክሲ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። «ትንሽ ነው የሚያፈሰው» ይላል። ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ግን ያለ ምክንያት አልተበሳችም፤ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው የፓምፑ ሲል ሲያልቅ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በዚያ እንዲወጣና ባለቤቱ እንዲያየው ነው። በማስቲሽ የሚደፍኗት አሉ፤ ይህ ከማፍሰሱ የባሰ ጥፋት ነው፤ ውሃው የኩሽኔታውን ግራሶ አጥቦ ፓምፑን ይገድለዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ደግሞ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የታፈነው ግፊት ነው፤ የሚያፈስ ፓምፕ ይህን ግፊት አይዝም። እንጦጦን ሲወጡ ሞተሩ ፈልቶ ቴስታታው ከተጣመመ፣ ወጪው ከአንድ ሲል ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሲሉን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ እኔም አልቃወምም። መጀመሪያ ግን ቺንጋውን አላልታችሁ ፑሌጃውን ነቅንቁት፤ ከተላወሰ ኩሽኔታውም አልቋል። ሲሉ የሚታከክበት ገጽ ተቦርቡሮ ከሆነም አዲሱ ሲል ብዙ አይቆይም፤ ያኔ ሙሉ ፓምፑ ይቀየር።