መክሰር ነውር ነውን?

«እገሌ ከሰረ» የተባለ እንደሆነ ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ያየዋል። በቀድሞ ዘመን ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይውል ነበር። ታስሮ በምን ሠርቶ ይከፍላል? አበዳሪውስ ቢሆን አብሮ ሥራ ፈትቶ የለምን!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን ሌላ መንገድ አበጀ። ነጋዴ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤት መክሰሩን ያውጃል፤ ንብረቱም በጠባቂ ተሰብስቦ ለባለገንዘቦቹ በደንቡ ይከፋፈላል። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ቢተካም መንገዱ አልተዘጋም። በወንጀል የሚጠየቀው ንብረቱን ያሸሸና መዝገቡን ያጭበረበረ ነው እንጂ ገበያ የጣለው አይደለም።

እኛ ግን ሁለቱን አንለይም። ስለዚህ ነጋዴው ሐሜቱን ፈርቶ፣ ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው ሲከፍል ይከርምና ፍርድ ቤት የሚደርሰው ሱቁ ባዶ ከቀረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለአበዳሪዎቹም የሚካፈሉት አይተርፍም።