ያኔ የጫንነው ነፃ ቪፒኤን እና ዛሬ ያልቀየርነው የይለፍ ቃል

በየካቲት 2015 ዓ.ል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ሲዘጉ ገደቡ አምስት ወር ገደማ ቆየ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በተጠቃለሉበት ሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ የነበረውም በዚሁ ወቅት ነው። ወሬውን ለመከታተል ብዙው ሰው ቪፒኤን ጫነ፤ ከጓደኛው በዜንደር ተቀብሎ፣ ወይም ሞባይል ቤት ያለ ልጅ ጭኖለት። ማን እንደሠራው የጠየቀ ጥቂት ነው።

በግንቦት 2015 ጄረማያ ፋውለር የተባለ የሳይበር ደህንነት ተመራማሪ ከሱፐር ቪፒኤን ጋር የተያያዘ፣ ያለ ይለፍ ቃል ክፍት የተተወ የመረጃ ቋት ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ከ360 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ነበሩበት፦ የተጠቃሚዎች ኢሜይል፣ ትክክለኛው የአይፒ አድራሻቸው፣ ያሉበት ቦታ፣ የጎበኟቸው ገጾች ሳይቀሩ። መደበቂያ ብለው የገቡበት ቤት በሩ ክፍት ነበር። (በኅዳር 2013 ሙስሊም ፕሮ የተሰኘው የሶላት ሰዓት መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለነጋዴ ድርጅት ሲሰጥ እንደነበር ተጋልጦ ግንኙነቱን አቋርጫለሁ ማለቱን አንዘነጋም።)

«ኢሜይሌ ቢታወቅ ምን ይመጣል?» የሚል አለ። ሌቦች ኢሜይሉን ከሌላ ቦታ ከተዘረፈ የይለፍ ቃል ጋር አገናኝተው በየአካውንቱ ይሞክሩታል። በእኛ ሰፈር ደግሞ አካውንቱን የሚከፍተው ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉም ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ነው። የአንድ መስጂድ ኮሚቴ የቴሌግራም ግሩፕ ከተወሰደ ሰደቃው የሚገባው ወደ ሌባው ሒሳብ ነው። አማናው ግን በኮሚቴው አንገት ላይ ይቀራል።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። አውስትራሊያዊው ትሮይ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተሰኘ ነፃ ድረ ገጽ ኢሜይል ሲጻፍለት በየትኞቹ የታወቁ ዝርፊያዎች ውስጥ እንደወጣ ይዘረዝራል። የይለፍ ቃል መፈተሻም አለው፤ ቃሉ ራሱ ግን አይላክም። ስልካችን ቃሉን ወደ ረጅም ኮድ ይቀይርና የኮዱን የመጀመሪያ አምስት ምልክቶች ብቻ ይልካል። ይህን ማስረዳታችን ያለምክንያት አይደለም፦ «የይለፍ ቃልህን ላክልኝ፣ ላጣራልህ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ድረ ገጹ «የለም» ካለም ነፃ ወጣን ማለት አይደለም፤ የሚያውቀው የደረሰውን ብቻ ነው።

በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ የፈሰሰበት ተቋም በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዝዛል። መልካም ነው። ሆኖም ባሕር ማዶ ያለ የነፃ ቪፒኤን ባለቤት ለቡራዩ ነዋሪ ደውሎ «መረጃህ ወጥቷል» አይለውም።

ስለዚህ የመስጂድ ኮሚቴዎች ቢቀድሙ ይሻላል። በቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን ግሩፑ በማን ስልክ ቁጥር እንደተከፈተ፣ ያ ልጅ አሁን የት እንዳለ፣ ሲሙም በማን እጅ እንደሆነ ይጠየቅ።