ለዳኛ የሚገባ ስንብት

ለፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ
አዲስ አበባ

ከኬንሲንግተን፣ ሜልቦርን

ጉዳዩ፦ ከወንበራቸው ለሚነሡ አንጋፋ ዳኞች የስንብት ችሎት እንዲሰየም ስለመጠየቅ

የፌዴራል ዳኛ ሹመት በአደባባይ የሚፈጸም ነው። ዕጩው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ስለ አነሣሡም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 በጥንቃቄ ደንግጓል። ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ፈቃዱ የሚነሣው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ብቻ ነው፤ ያውም ጉባኤው ወስኖ ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው። የጡረታ ጊዜውም እንዳይራዘም ተከልክሏል። ዳኛው በምን ዓይነት ክብር እንደሚሸኝ ግን አንቀጹ አይናገርም።

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ከዚያ በፊት በከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠርተዋል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233/2013 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የወጡት በእሳቸው ዘመን ነው። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ከምክትላቸው ከአቶ ሰለሞን አረዳ ጋር ሥራቸውን ሲለቁ፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዕለት አቶ ቴዎድሮስ ምሕረትንና ወይዘሮ አበባ እምቢአለን በቦታቸው ሾመ። ወንበሩ ክፍት ሆኖ አለመዋሉ ለፍርድ ቤቱ ደግ ነው። ይሁን እንጂ የመልቀቂያና የሹመት ዜና በአንድ ቀን ሲሰማ የሰው ጆሮ ወደ መጪው ያዘነብላል፤ ከአራት ዓመት በላይ የተለፋበት ሥራ ተገቢውን ምስጋና ሳያገኝ ይታለፋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የሜልቦርን ምዕራባዊ ክፍል፣ ከኬንሲንግተን ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ ፍላግስታፍ የወረደ ሰው ዊልያም ጎዳና ላይ የቪክቶሪያን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያገኛል። በዚህ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ሲሰናበት ችሎት ይሰየማል። ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ባልደረቦቹ ከጎኑ ይሰየማሉ፤ በመንግሥት ስም፣ በጠበቆች ማኅበራት ስም ተራ በተራ እየተነሡ የተሰናባቹን ሥራ ይናገራሉ፤ ከባድ ፍርዶቹን፣ ለወጣት ጠበቆች ያሳየውን ትዕግሥት ያነሣሉ። በመጨረሻ ዳኛው ራሱ መልስ ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ በፍርዱ ብቻ ሲናገር የኖረ፣ ሲተች እንኳ ወጥቶ ራሱን መከላከል የማይገባው ሰው፣ ስለ ሥራው በራሱ አንደበት የሚናገርበት ቀን ይህ ነው። ንግግሮቹ ተጽፈው በመዝገብ ይቀመጣሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2017 ይህን ፍርድ ቤት የመሩት ሜሪሊን ዋረን፣ በአውስትራሊያ የአንድ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የግዴታ መጦሪያው 70 ዓመት ሳይደርስ በፈቃዳቸው ወርደው ወንበሩን ለአን ፈርጉሰን ለቀቁ። አገሪቱ እዚህ የደረሰችው ግን በቀላሉ አይደለም። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ኤድዋርድ ማክቲርናን በ1930 ተሹመው እስከ 1976 ተቀምጠዋል። ያስለቀቃቸውም ዳሌያቸው መሰበሩ ነው፤ በዚያን ጊዜ 84 ዓመታቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ 80 በመቶ ያህሉ መራጭ ወደፊት የሚሾሙ የፌዴራል ዳኞች በ70 ዓመታቸው እንዲጦሩ ደገፈ። ሹመቱን በጊዜው የሚያስረክብ ዳኛ ይህን ያህል ሕግ አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላም ክብደት አለው። አንድ ባለሥልጣን ወንበር ሲለቅ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አጥፍቶ ነው?» ወይም «ማን አስነሣው?» ብሎ ነው። በሰላም የሄደውና የተባረረው በአንድ ዓይን ይታያሉ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቆሞ የሚያዳምጥ ሕዝብ፣ የሕጉ ሰው በክብር ሲሸኝ ማየት ይገባዋል። ዳኛም ከወንበሩ ባሻገር የሚጠብቀው ክብር እንጂ መረሳት አለመሆኑን ካወቀ፣ ወንበሩን ላለማጣት ሲል ማንንም አይፈራም፤ ማንንም ደጅ አይጠናም።

ጉባኤው ሊያደርገው የሚችለው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚሰናበቱ ዳኞች የመነሻ ቀን ከወራት በፊት ይታወቅ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ መዝገብ አይመራላቸው፣ ለፍርድ የተቀጠሩትንም ጨርሰው ይሂዱ። ይህ ከሁሉ በላይ ባለጉዳዩን ይጠቅማል፤ ዳኛ በተቀየረ ቁጥር የሚጓተተው የእሱ መዝገብ ነውና። በመጨረሻው ሳምንት በሚያገለግሉበት ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የስንብት ችሎት ይሰየም፤ ከባልደረቦቻቸው፣ ከዐቃቤ ሕግና ከጠበቆች አንድ አንድ ሰው ይናገር፣ እሳቸውም ይመልሱ። ንግግሩ በፍርድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥና ለአዳዲስ ዳኞች ሥልጠና ይዋል። ከዚህ ቀደም በጡረታ ወይም በራሳቸው ጥያቄ የተሰናበቱትም፣ ወይዘሮ መዓዛን ጨምሮ፣ በመጀመሪያው የስንብት ችሎት ተጋብዘው ሥራቸው በስማቸው ቢነገር ተገቢ ነው።