ሺህ ጊዜ ተጠቀሰ ማለት እውነት ነው ማለት አይደለም

አንዳንድ ወላጆች ቲፓት ሃላቭ መጥተው «ይህን ያሉት ፕሮፌሰር እኮ ጽሑፋቸው ሺህ ጊዜ ተጠቅሷል» እያሉ የልጃቸውን ክትባት ያዘገያሉ። እኛ ነርሶች በዚህ ቁጥር አንረታም። ስንት ተመራማሪ ጽሑፉን እንዳነሳ እንጂ ለምን እንዳነሳው አይናገርም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 የኩፍኙን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው 12 ልጆችን ብቻ ይዞ ነው። ጽሑፉ እጅግ ተጠቅሷል፤ አብዛኛው የጠቀሰው ግን ሊያስተባብለው ነው። ላንሴት መጽሔትም በ2010 ሰርዞታል።

ተመራማሪዋ ካታሊን ካሪኮ ደግሞ በ1995 ከማዕረጋቸው ዝቅ ተደረጉ። ከዌይስማን ጋር በ2005 ያወጡት ጽሑፍ መጀመሪያ ሰሚ አጣ፤ ያኔ በቁጥር ብንሄድ ማን ይቀበላቸው ነበር! በኋላ የኮሮና ክትባት ተሠራበት፣ በ2023 ኖቤል ተሸለሙ።

ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ሌሎችስ ደግመው ሲሞክሩት ምን አገኙ? ብላችሁ ጠይቁ። የጽሑፉን ስም ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።